ከውድድር ሜዳ ወደ ጎዳና፡- በቤተሰብ ጋራዥ አዲስ መልክ የሚይዙ ሞተር ሳይክሎች

ሞተር ሳይክል በአገራችን የግብርና ባለሙያውን ከቀበሌ ቀበሌ፣ የጤና ባለሙያውን ከመንደር መንደር የሚያደርስ የሥራ መሣሪያ መሆኑ ይታወቃል። በአሜሪካ ደግሞ ከመጓጓዣነቱ ባሻገር አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው የሚፈቱት፣ የሚገጥሙትና መልኩን የሚለውጡት የሙያ መማሪያ ሆኖ ለበርካታ ዓመታት አገልግሏል። ከእነዚህ የለውጥ ሥራዎች መካከል አንዱ "ስትሪት ትራከር" በሚል መጠሪያ ይታወቃል።

ስትሪት ትራከር በአፈር ሜዳ ላይ ለሚካሄድ ውድድር የሚዘጋጅን ሞተር ሳይክል ቅርጽ የያዘ፣ ነገር ግን መብራት፣ ፍሬንና ሰሌዳ ተሟልቶለት በሕዝብ መንገድ የሚነዳ ሞተር ሳይክል ነው። ሥራው ሲታይ የቅርጽ ለውጥ ብቻ ይመስላል። በተግባር ግን የተሽከርካሪውን ሚዛን፣ የፍሬኑን አቅም፣ የኤሌክትሪክ መሥመሩንና ሕጋዊ ማንነቱን የሚነካ በመሆኑ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ የስትሪት ትራከርን አመጣጥ፣ የአሠራሩን ደረጃዎች፣ የቤተሰብ አባላት ሊኖራቸው የሚችለውን ድርሻና ከሥራው ጋር ተያይዞ የሚነሳውን የሕግ ጉዳይ ይዳስሳል።

የአፈር ሜዳ ውድድር አመጣጥ

የስትሪት ትራከር መነሻ በአሜሪካ "ፍላት ትራክ" ተብሎ የሚጠራው ውድድር ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሞላላ ቅርጽ ባለውና በተደለደለ የአፈር ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ ይሽቀዳደማሉ። በኩርባው ላይ የኋላው ጎማ ሆነ ተብሎ እንዲንሸራተት ይደረጋል። ጋላቢው የብረት ሶል የተገጠመለትን የግራ እግሩን መሬት ላይ እያንሸራተተ ሚዛኑን ይጠብቃል። አንድ ማይል ወይም 1 ነጥብ 6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባላቸው ሜዳዎች ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል።

የአሜሪካ ሞተር ሳይክል ማኅበር "ግራንድ ናሽናል" በሚል ስያሜ የሚታወቀውን ሻምፒዮና በተከታታይ ዙሮች ነጥብ ማካሄድ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1954 ሲሆን፣ የመጀመሪያው አሸናፊም ጆ ሌናርድ ነበር። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ በ1970 ለዚሁ ውድድር ኤክስ አር 750 የተባለውን ሞተር ሳይክል አቀረበ። የመጀመሪያው ሞተር ሲሊንደሮቹ ከብረት የተሠሩ በመሆናቸው በሙቀት ይቸገር ነበር። እ.ኤ.አ በ1972 በአሉሚኒየም ተተክቶ ከቀረበ በኋላ ግን ለአሠርተ ዓመታት የሜዳው የበላይ ሆኖ ዘልቋል። በዘጠኝ ሻምፒዮናዎች ባለድል የሆነው ስኮት ፓርከር ስሙ ከዚህ ሞተር ሳይክል ጋር ተያይዞ ይነሳል።

የጃፓኑ ያማሃም በበኩሉ በኬኒ ሮበርትስ አማካይነት እ.ኤ.አ የ1973ንና የ1974ን ሻምፒዮና አሸንፏል። ሮበርትስ በአፈር ሜዳ ያዳበረውን ጎማ የማንሸራተት ስልት ወደ አስፋልት ውድድር በመውሰድ እ.ኤ.አ በ1978 በ500 ሲሲ ምድብ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ለመሆን በቅቷል።

ፋብሪካዎችም የሜዳውን መልክ ወደ ጎዳና ለማምጣት ሞክረዋል። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ በ1983 ኤክስ አር 1000ን፣ እ.ኤ.አ በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ገበያ ኤክስ አር 1200ን አቅርቧል። ኢንዲያን የተባለው ኩባንያም በ2017 ሻምፒዮናውን ካሸነፈ በኋላ እ.ኤ.አ በ2019 ኤፍ ቲ አር 1200ን ለሽያጭ አውሏል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ስትሪት ትራከሮች ከፋብሪካ የወጡ ሳይሆኑ በግለሰቦች ጋራዥ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የተለወጡ ናቸው።

የቤተሰብ ስፖርት

የፍላት ትራክ ውድድር ከቤተሰብ ጋር ያለው ቁርኝት የጠነከረ ነው። በኬንታኪ ግዛት የኦውንስቦሮ ነዋሪ የነበረው የሄይደን ቤተሰብ ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል። አባትና እናት ራሳቸው በአፈር ሜዳ ተወዳዳሪዎች የነበሩ ሲሆን፣ ቶሚ፣ ኒኪና ሮጀር ሊ የተባሉት ወንድ ልጆቻቸውም በዚያው ሙያ አድገዋል። እ.ኤ.አ በ2002 በስፕሪንግፊልድ በተካሄደው ውድድር ሦስቱ ወንድማማቾች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ደረጃ ተከታትለው ይዘዋል። ኒኪ ሄይደን እ.ኤ.አ በ2006 የሞቶ ጂፒ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

በየጋራዡ የሚካሄደው የለውጥ ሥራም የዚህ ልማድ ተቀጥላ ነው ለማለት ይቻላል። ሥራው ወራትን የሚወስድ፣ ከአንድ ሰው በላይ እጅ የሚጠይቅና በየደረጃው የተለያየ ሙያ የሚፈልግ በመሆኑ ቤተሰብን ለማሳተፍ ምቹ ነው።

ለለውጥ የሚመረጠው ሞተር ሳይክል

ለለውጥ የሚመረጠው ሞተር ሳይክል ቀላል አሠራር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተርና በገበያ የሚገኝ መለዋወጫ ቢኖረው ይመረጣል። ያማሃ ኤክስ ኤስ 650 እነዚህን መሥፈርቶች ስለሚያሟላ በስፋት ይታወቃል። ሁለት ሲሊንደር ያለው 653 ሲሲ ሞተር የተገጠመለት ሲሆን፣ ከ1970ዎቹ መግቢያ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ ገበያ ተሽጧል። የኬኒ ሮበርትስ የአፈር ሜዳ ሞተር ሳይክልም በዚሁ ሞተር ላይ የተመሠረተ ነበር። ባለአንድ ሲሊንደሩ ኤስ አር 500ም እንዲሁ ተመራጭ ነው።

የሚገዛው አሮጌ ሞተር ሳይክል በቅድሚያ ሁለት ነገር መመርመር ይኖርበታል። አንደኛው ሰነዱ ነው። በቴላዮው ላይ የተመታው ቁጥር በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ከሰፈረው ጋር ካልተመሳሰለ ወራት የፈጀው ልፋት በመጨረሻ ሰሌዳ ሊያገኝ የማይችል ንብረት ሊያስከትል ይችላል። ሁለተኛው የሞተሩ ጤንነት ነው። በሁለቱ ሲሊንደሮች የእመቃ ግፊት መካከል ሰፊ ልዩነት ከታየ ሞተሩ ሳይፈታ ወደ ቅርጽ ሥራ መግባት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከመፍታት በፊት መመዝገብ

ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እንደሚያደርጉት ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት ካሜራና ማስታወሻ ደብተር ሊዘጋጅ ይገባል። የእያንዳንዱ ካቦና ሽቦ አቀማመጥ ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ይነሳል፤ የሚፈታው ብሎንና ዳዶ የተነሳበት ቦታ ተጽፎበት በየከረጢቱ ይቀመጣል። ይህ የመዝገብ ሥራ ለልጆች የሚመች ከመሆኑም በላይ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። ከሦስት ወር በኋላ የሚገጠመው ክፍል የት እንደነበረ የሚያስታውሰው የሰው አእምሮ ሳይሆን ያ ደብተር ነውና።

ጎማ፣ ቸርኬና ፍሬን

የስትሪት ትራከር ዋነኛ መለያ ከፊትም ከኋላም የሚገጠመው ባለ19 ኢንች ጎማ ነው። መደበኛው ኤክስ ኤስ 650 ከፊት 19፣ ከኋላ 18 ኢንች በመሆኑ የሚለወጠው በዋናነት የኋላው ነው። አዲሱ ቸርኬ በቀድሞው መሐል ክፍል ላይ ሲሰካ ልኩ የተለየ አዲስ ራጂ ያስፈልገዋል። ራጂዎቹ ቀስ በቀስና በተመጣጠነ ሁኔታ እየጠበቁ ቸርኬው ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይ እንዳይወዛወዝ ይስተካከላል። በርካታ የጥገና መመሪያዎች የሚፈቅዱት የመወዛወዝ ጣሪያ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ሥራው ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ስለሚፈልግ ታዳጊዎች በአዋቂ ክትትል ሊሠሩት ይችላሉ።

ይህ ለውጥ ሁለት ውጤቶችን ያስከትላል። የመጀመሪያው የኋላው ጎማ ዙሪያ ስለሚጨምር ሞተሩ በአንድ ዙር የሚያስኬደው ርቀት ይረዝማል፤ በመሆኑም ሞተሩ ሲነሳ የተጫነው ያህል ይሰማዋል። ይህን ለማካካስ ከኋላ ካቴናውን የሚሸከመው ባለጥርስ ብረት ጥርሱ በዛ ባለ ይተካል። ሁለተኛው የሞተር ሳይክሉ የኋላ ክፍል ከፍ ስለሚል የፊት ሹካው ቆም ይላል። ይህም መታጠፍን ያቀላጥፋል፤ መጠኑን ካለፈ ግን በከፍተኛ ፍጥነት መሪው እንዲንቀጠቀጥ ያደርጋል። የኋላ አሞርዛቶሪ ሲመረጥ ርዝመቱ ከዚህ አንጻር ሊታሰብ ይገባል።

ለአፈር ሜዳ ብቻ የተሠሩ ጎማዎች ለአስፋልት አገልግሎት አልተፈቀዱም። በአሜሪካ በመንገድ ላይ የሚውል ጎማ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን ደረጃ ማሟላቱን የሚያሳየውን "ዶት" የተባለ ምልክት መያዝ አለበት።

ስለ ፍሬን ሲነሳ የውድድሩን ሜዳ መቅዳት አደገኛ ነው። የሞላላ ሜዳ ሞተር ሳይክሎች ለረጅም ዘመን ፍሬን ያልነበራቸው ሲሆን፣ በኋላም የሚጠቀሙት የኋላውን ብቻ ነው። በጎዳና ላይ ግን በድንገት ለመቆም ዋነኛውን ድርሻ የሚወስደው የፊት ፍሬን ነው። ስለዚህ የፊቱ ፍሬን ለመልክ ሲባል የሚወገድ ሳይሆን ሸራው፣ ቱቦውና ዘይቱ ታድሶ የሚጠናከር ክፍል ነው።

ቴላዮና ሰልባቲዮ

ቀጣዩ ሥራ ክብደት መቀነስ ነው። ኤክስ ኤስ 650 ከፋብሪካ ሲወጣ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ከባዱ መቀመጫ፣ የብረት ፓራፋንጎዎቹና ማርሚታዎቹ ወርደው አጭር የፋይበር መቀመጫ፣ ቀጭን ሰልባቲዮና ሰፊ መሪ ይተካሉ። የመሪው ስፋት ጋላቢው በትንሽ ጉልበት ሞተር ሳይክሉን እንዲቆጣጠር ይረዳል።

በቴላዮው ላይ የሚካሄደው ቆረጣና ብየዳ ግን ከቤተሰብ ሥራ ተለይቶ ለሠለጠነ ባለሙያ መተው ያለበት ነው። ለመቀመጫው መስቀያ ተብለው የተበየዱ ትናንሽ ተሸካሚዎችን ማንሳት ይቻላል። አሞርዛቶሪ የሚታሰርበትን ወይም የፊት ሹካው የሚያልፍበትን ክፍል መንካት ግን የተሽከርካሪውን አጥንት መንካት ነው። ቤንዚን ይዞ የቆየን ሰልባቲዮም ባዶ መስሎ ስለታየ ብቻ መበየድ አይገባም። ውስጡ የቀረው ትነት ከፈሳሹ ቤንዚን ይበልጥ የሚፈነዳ ነው።

ካርቡሬተርና ኤሌክትሪክ

የአየር ማጣሪያውና ማርሚታው ሲለወጡ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ይጨምራል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያሉት ነዳጅ አሳላፊ ቀዳዳዎች በዚያው ልክ ካልተስተካከሉ ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ሞተሩን ከልክ በላይ ያግላል፤ ሲብስም ፒስተን ያቃጥላል። የካንዴላውን ቀለም እየተመለከቱ ደረጃ በደረጃ ማስተካከል የተለመደ ዘዴ ነው።

በኤሌክትሪክ በኩል የኤክስ ኤስ 650 ጄኔሬተር ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚያመነጨው ኃይል አነስተኛ ሲሆን፣ የሚያልቁ የካርቦን ብሩሾችም አሉት። አነስተኛ ኃይል የሚወስዱ የኤል ኢ ዲ መብራቶችን መጠቀም ጫናውን ይቀንሳል። ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሽቦ መከለያው ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ሙሉ በሙሉ መለወጡ ይመረጣል። የቀድሞዎቹ የመስታወት ፊውዞችም በዘመናዊዎቹ ይተካሉ። በዚህ ሥራ አንዱ የመሥመሩን ንድፍ እያነበበ ሌላው ሽቦውን ቢዘረጋ ስሕተት ይቀንሳል።

የሥራ ክፍፍልና የደኅንነት ጥንቃቄ

ከላይ ከተዘረዘሩት ሥራዎች ለመረዳት እንደሚቻለው የቤተሰብ አባላት ተሳትፎ በዕድሜና በችሎታ ሊመደብ ይገባል። ሕፃናት ክፍሎችን በመለየት፣ በመጻፍና ፎቶግራፍ በማንሳት ሊሳተፉ ይችላሉ። ታዳጊዎች በማጽዳት፣ ራጂ በማጥበቅና ሽቦ በመዘርጋት ልምድ ያገኛሉ። አዋቂዎች የፍሬን፣ የሞተርና የማጥበቂያ ልክ ኃላፊነት ይወስዳሉ። የማጥበቂያ ልክ በግምት ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ መከናወን ያለበት ሲሆን፣ አንዱ ያጠበቀውን ሌላው በድጋሚ ቢያረጋግጥ መልካም ነው።

በጋራዡ ውስጥ ዓይን የማይመለከታቸው አደጋዎችም አሉ። በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል አቧራው በአየር ግፊት መነፋት የለበትም። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ ቢበየድ ፎስጂን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቁ ዘመናዊ የመኪና ቀለሞች የመተንፈሻ አካልን የሚጎዳ አይሶሳያኔት ይኖራቸዋል። በመሆኑም የቀለም ርጭትና ብየዳ ልጆች በሌሉበት፣ ከተቻለም ከመኖሪያ ቤት ውጭ መከናወን ይኖርባቸዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ የሚወጣው በፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ ምዝገባና የመንገድ ላይ ቁጥጥር የግዛቶች ሥልጣን ነው። የፌዴራሉ ሕግ አምራቾች፣ ሻጮችና የጥገና ድርጅቶች የደኅንነት መሣሪያዎችን እያወቁ ከአገልግሎት ውጭ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ክልከላው በራሱ ጋራዥ የራሱን ሞተር ሳይክል የሚለውጠውን ባለቤት በቀጥታ አይመለከትም። በዚህም ምክንያት የቤተሰብ ጋራዥ ሥራ ቁጥጥር በአብዛኛው በየግዛቱ የመብራት፣ የመስታወትና የፍሬን ድንጋጌዎችና በባለቤቱ ኃላፊነት ላይ ይወድቃል። የአየር ብክለት ደረጃ በሞተር ሳይክሎች ላይ ተግባራዊ የሆነው ከ1978 ሞዴል ጀምሮ ነው። አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ለለውጥ ከሚመረጡባቸው ምክንያቶች መካከል አንዱም ይኸው ነው።

ሌሎች አገሮች ጠበቅ ያለ ሥርዓት ይከተላሉ። በጀርመን ለሌሎች አደጋ ሊፈጥር የሚችል ወይም የጭስና የድምፅ ደረጃን የሚያባብስ ለውጥ የተሽከርካሪውን የአጠቃቀም ፈቃድ ያሳጣል። ባለቤቱ ለውጡን በባለሙያ አስመርምሮ በሰነዱ ላይ ማስፈር ይጠበቅበታል። በጃፓን ከ250 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር ሳይክል በየጊዜው የግዴታ ምርመራ ያደርጋል። ስፋቱ ከተመዘገበው ልክ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለወጠም መዝገቡ መስተካከል አለበት። የስትሪት ትራከር መለያ የሆነው ሰፊ መሪ ብቻውን ይህን ግዴታ ሊያስከትል ይችላል።

የሦስቱ አገሮች ልምድ የሚያሳየው የቁጥጥሩ መጠን ቢለያይም ጥያቄው አንድ መሆኑን ነው። መንገድ ላይ ያለው ተሽከርካሪ በመዝገብ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላልን? ለውጡስ ማንን ለአደጋ ያጋልጣል? በአገራችንም እ.ኤ.አ በ2010 የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መነሻው ይኸው ጥያቄ ነው። በሊብሬ ላይ የሚሰፍሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች፣ እንዲሁም በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራና የሚለጠፈው ቦሎ ተሽከርካሪው ያው የተመዘገበው መሆኑንና ለጉዞ ብቁ መሆኑን ለማረጋገጥ የተዘረጉ ናቸው። ሞተር የተለወጠለት ወይም ተጨማሪ የጭነት መደርደሪያ የተበየደለት ሞተር ሳይክል በንብረት ክፍል ኃላፊዎችና በመርማሪ ባለሙያዎች ፊት ሲቀርብ መታየት ያለበት ከመልኩ ይልቅ ፍሬኑ፣ የጎማው ሁኔታ፣ የብየዳው ጥራትና የቁጥሮቹ ትክክለኛነት ነው።

ማጠቃለያ

ሥራው ተጠናቆ ሞተር ሳይክሉ ሲነሳ ወዲያውኑ ወደ አውራ ጎዳና መውጣት አይመከርም። በቅድሚያ ከትራፊክ ነፃ በሆነ ቦታ በዝቅተኛ ፍጥነት ፍሬኑ ይሞከራል፤ መሪው ወደ ሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው ሲዞር ካቦና ሽቦ እንደማይወጠር ይታያል። ከመጀመሪያዎቹ አጫጭር ጉዞዎች በኋላም ራጂዎች፣ ካቴናና ዋና ዋና ብሎኖች በድጋሚ ይጠብቃሉ። የፊትና የኋላ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮና ክላክስ መሥራታቸው ተረጋግጦ፣ ጋላቢው የራስ ቁሩን አጥልቆ የሚወጣበት ቀን ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አንድ ቤተሰብ ከአሮጌ ብረት ተነስቶ በሕግና በደኅንነት ደረጃ የተሟላ ሞተር ሳይክል ለማውጣት ሲበቃ ከተሽከርካሪው ጎን ለጎን ልኬትን ማክበር፣ ሥራን መመዝገብና የሌላውን ሥራ መፈተሽ የለመዱ ልጆችንም ያፈራል። እነዚህ ልማዶች ከጋራዥ አልፈው በየትኛውም የሥራ መስክ የሚፈለጉ በመሆናቸው፣ የተሽከርካሪ ለውጥን የሚቆጣጠሩ አካላት ክልከላን ብቻ ሳይሆን ግልጽ የምርመራ መሥፈርትን በማስቀመጥ እንዲህ ያለውን የሙያ ፍላጎት በሥርዓት ሊመሩት ይገባል።